በር ያሻገሩት ዘበኛ

ጋሼ ሀብተሚካኤል ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የጠበቁት ባዶ ቤት ነው።

ቤቱ ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ፣ አባያ ሐይቅ ውስጥ እንደ ምላስ በገባች አንዲት ኮረብታ ላይ ነበር። በጣልያን ጊዜ ለአካባቢው ሹም መኖሪያ ተብሎ ተሠራ። ጣልያኖቹ «ሬዚዴንሳ» ይሉት ስለነበር ስሙ እዚያው ቀረ፤ ጣልያኖቹ ግን አልቀሩም። ሹሙ ሁለት ክረምት ኖሮበት ወባ ይዞት ሄደ ይባላል። ከሱ በኋላ የንጉሡ ሰው ገባበት፤ ቀጥሎ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ በቆሎ አከማቸበት፤ ከበቆሎው በኋላ የሌሊት ወፍ ገባ። ከነዋሪዎቹ ሁሉ ረዥም ጊዜ የቆዩት የሌሊት ወፎቹ ናቸው።

እኔ ፀደይ እባላለሁ። ቤቱን በሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የሚመጣውን ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ማኅተም እመታበታለሁ፣ ፋይል ውስጥ አስረዋለሁ። ይህን ታሪክ ግማሹን ከሰዎቹ አፍ ሰማሁት። ግማሹን የማውቀው ራሴ አበላሽቼው ስለነበር ነው።

ጋሼ ሀብተሚካኤል ከላይ ከደጋው፣ የኦቾሎ ሰው ናቸው፤ የሸማኔ ልጅ፣ ራሳቸውም ሸማኔ። በ1988 ዓ.ም. ጋቢ ሊሸጡ ከተማ በወረዱ ጊዜ ጽሕፈት ቤታችን ዘበኛ እየፈለገ ነበር። የቀድሞው ዘበኛ ጉማሬ አባሮት ሥራውን ትቷል። ለቅጥሩ የተጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነው።

«ማንበብና መጻፍ ይችላሉ?»

«በዝግታ።»

«ጉማሬ ይፈራሉ?»

«አዎ፣ እፈራለሁ።»

ከአመልካቾቹ መካከል እውነቱን የተናገረ ሌላ ሰው ስላልነበረ እሳቸው ተቀጠሩ።

ሥራቸውን የሚሠሩት በራሳቸው ደንብ ነበር። ጠዋት ዘጠኙን በርና አሥራ አንዱን መስኮት ይከፍታሉ፤ ሲመሽ ይዘጋሉ። እንዲህ አድርጉ ያላቸው የለም። ማጠፊያዎቹን በዘይት ያብሳሉ፣ ጣሪያው ላይ የተሰነጠቀ ሸክላ ካለ ይቀይራሉ፣ የሌሊት ወፎቹን ግን አይነኩም። አንድ ጊዜ ለጉብኝት የመጣ ባለሥልጣን ለምን እንደማያባርሯቸው ጠየቃቸው። «እኔ የተቀጠርኩት እንድጠብቅ ነው» አሉት። ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው የሽመና ዕቃቸውን ተክለው ነበርና፣ ሥራ ሲቀል እዚያ ቁጭ ብለው ይሸምናሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ጥጡን ፈትለው ይልኩላቸዋል። ቤታቸው ከኮረብታው ማዶ ያለችው መንደር ውስጥ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንዲት ጭስ ቤት።

በ2011 ክረምቱ ሲወጣ ሐይቁ አልጎደለም። በ2012 ጭራሽ ጨመረ። መጀመሪያ የሙዝ ማሳዎቹ ገቡ፣ ቀጥሎ ከብት የሚውልበት መስክ፣ ቀጥሎ ከዳር የነበሩት ጎጆዎች። ሰው ዕቃውን እየተሸከመ ወደ ላይ ሸሸ። ሐምሌ ላይ ኮረብታውን ከመሬት የሚያገናኘው መንገድ ተሸፈነ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሀብተሚካኤል አንድ ደብዳቤ ይዘው ቢሮዬ መጡ። ሱሪያቸው እስከ ጉልበት እርጥብ ነበር። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ ቤቱ ደሴት ስለመሆኑ ይመለከታል። የምጠብቀው ቤት መንገዱ በውሃ ስለተሸፈነ ደሴት መሆኑን በአክብሮት አሳውቃለሁ። ምን ላድርግ?»

ተቀበልኩ፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ለኃላፊያችን አቀረብኩ። ኃላፊው በቀይ እስክርቢቶ «ከፋይሉ ይታሰር» ብለው መለሱልኝ። ደብዳቤው ታሰረ። ጸሐፊው ለመታሰር ገና አንድ ዓመት ተኩል ይቀራቸው ነበር።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ርእሱ «ደሴት» ስለሚል «ሐይቆችና ደሴቶች» በሚለው ፋይል ውስጥ አሰርኩት። የሬዚዴንሳው ፋይል ሌላ መደርደሪያ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡትን ስድስት ደብዳቤዎችም የመጀመሪያውን ተከትዬ እዚያው ጨመርኳቸው።

ሁለተኛው ደብዳቤ ጀልባ ይጠይቃል። በጽሕፈት ቤቱ ካርታ ላይ ቤቱ የብስ ላይ ስለሆነ ለየብስ ጀልባ አይመደብም ተባለ። ሦስተኛው «አዞ በረንዳ ላይ ስለማደሩ» የሚል ነበር። ለዚህኛው መልስ ተጻፈ፤ ከሰባቱ የጽሑፍ መልስ ያገኘው እሱ ብቻ ነው። የዱር እንስሳት ጉዳይ የሚመለከተው ሌላ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ለዚያው ያመልክቱ ይላል። አዞው መልሱ ሳይደርስ በራሱ ጊዜ ሄደ።

ጋሼ ሀብተሚካኤል ግን ሥራቸውን አንድ ቀን አላቋረጡም። ኸሊፋ የሚባል ነጋዴ አለ፤ ከማዶ ዓሣና ሙዝ እየገዛ ወደ ከተማ የሚያመጣ፣ ባለ ሞተር ጀልባ ያለው። ጠዋት ሲሄድ ደሴቱ ላይ ያወርዳቸዋል፣ ማታ ሲመለስ ይወስዳቸዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የጫናቸው ቀን እንዲህ አላቸው፦

«ጋሼ ሀብቴ፣ አሁንማ ውሃው ይጠብቀዋል። ሌባ እንኳ ቢመጣ ዋኝቶ ነው። እቤትዎ ቢውሉስ?»

«የምፈራው ሌባ አይደለም።»

«ታዲያ ማንን ነው?»

«ውሃውን።»

«ውሃን በምን ይጠብቁታል?»

ኸሊፋ ጥያቄውን አልደገመም። በማግስቱ ጠዋት በሰዓቱ መጥቶ ጫናቸው።

በ2013 ሰኔ ውሃው የበረንዳውን ደረጃ ወጣ። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ወደቀ። ሳሎኑ ውስጥ ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ጋሼ ሀብተሚካኤል ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ደብዳቤ ጻፉ። ትእዛዝ እስኪሰጣቸው ድረስ በሮቹንና መስኮቶቹን እየነቀሉ ወደ ደረቅ መሬት ማሻገር መጀመራቸውን አሳወቁና «ካልተፈለገ ይነገረኝ» ብለው ፈረሙ። ኃላፊው ሥልጠና ላይ ነበሩ። ምክትላቸው «ፋይል» የሚል አንድ ቃል ጻፉበት። የነገራቸው ሰው የለም።

ስለዚህ ነቀሉ።

አንድ በር ለመንቀል ግማሽ ቀን ይፈጃል። ማጠፊያው ሰማንያ ዓመት የከረመ ነው። ብሎኖቹን አንድ በአንድ እያወጡ በጨርቅ ጠቅልለው በየበሩ ላይ ያስራሉ። ቁጥር በቀለም ቢጻፍ በውሃ ይለቃል ብለው በለመዱት ዘዴ ምልክት አደረጉ፤ ለበር ቀይ ክር፣ ለመስኮት ቢጫ፣ ለማጠፊያና ለቁልፍ ጥቁር። ከዋናው መግቢያ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ሲዞር አንደኛው አንድ ቋጠሮ፣ ሁለተኛው ሁለት ቋጠሮ እያለ ይሄዳል። ክሩን የፈተሉት ወይዘሮ የሺመቤት ናቸው፤ ቋጠሮውንም አብረው አጠኑት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት በሮች በኸሊፋ ጀልባ መንደሩ የደረሱ ቀን ባልና ሚስት ትንሽ ተነጋገሩ።

«የት ልታኖራቸው ነው?» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

«መኝታ ቤት። እዚያ አያፈስም።»

«እኛስ?»

«ጭስ ቤት።»

ወይዘሮ የሺመቤት አልጋው ላይ ያለውን አጎዛ አንሥተው ወደ ጭስ ቤት ወሰዱ። ክረምቱንም በጋውንም እዚያ አደሩ። ልጃቸው ከሐዋሳ ሊጠይቃቸው ሲመጣ፣ ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የተሠራው ኩርኩፋ የቀረበበት ሳህን ቦታ አጥቶ አንዱን መስኮት እንደ ጠረጴዛ ሊዘረጋ ቢል አባቱ ከለከሉት። በመንግሥት መስኮት ላይ አይበላም አሉ።

የመጨረሻው የዋናው መግቢያ በር ነበር። ሁለት ክንፍ አለው፤ ወፍራም ዝግባ ነው፤ ጀልባው ላይ ቢጫን ጀልባውን ያሰምጣል። ኸሊፋ ክንፎቹን በገመድ አስሮ ከኋላ እየጎተተ እንዲሄድ ተስማሙ። ጋሼ ሀብተሚካኤል ከጀልባው ጫፍ ተቀምጠው ገመዱን በእጃቸው ያዙ፤ ሞተሩ ላይ ቢታሰር እንዳይበጠስ ፈርተው ነው። መሐል ላይ ሲደርሱ ከበሩ አጠገብ ጉማሬ ብቅ አለ።

ኸሊፋ ሞተሩን አጠፋ። «ቢስሚላህ» አለ። ጉማሬው በሩን ተመለከተ። ተጠግቶ በአፍንጫው ገፋው፤ በሩ ዞረና መልሶ ጀልባው ጋ መጣ። ጉማሬውም ተከትሎ መጣ።

«ጋሼ ሀብቴ፣ ገመዱን ይልቀቁት» አለ ኸሊፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በሩን ነው የሚፈልገው።»

«አይሆንም።»

«እንሞታለን።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሼ ሀብተሚካኤል። ገመዱን ግን አልለቀቁም። እንዲህ ተፋጠው ስንት ጊዜ እንደቆዩ ሁለቱም አይስማሙም፤ ኸሊፋ አንድ ሰዓት ይላል፣ እሳቸው ትንሽ ነው ይላሉ። በመጨረሻ ጉማሬው ተነፈሰና ውሃው ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ አልታየም። ኸሊፋ ሞተሩን ያስነሣው በአራተኛው ሙከራ ነው፤ ሞተሩ ምንም አልነበረበትም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ በቀትር፣ የሬዚዴንሳው ምዕራባዊ ግድግዳ ተደርምሶ ጣሪያውን ይዞት ወረደ። ድምፁ መንደሩ ድረስ ተሰማ። ጋሼ ሀብተሚካኤል ያኔ ከዳር ቆመው የጀልባ ገመድ እየጠገኑ ነበር። ኸሊፋ ሊያጽናናቸው አጠገባቸው ሄዶ ቆመ። «የሌሊት ወፎቹ ወጥተዋል?» ብለው ጠየቁት። አቧራውን ያየ እንጂ ወፍ ያየ አልነበረም።

በ2014 ጥር ወር ከበላይ አካል የታሪካዊ ቤቶች ዝርዝር የሚሠራ ቡድን መጣ። ኃላፊያችን ሬዚዴንሳውን ሊያሳዩ በጀልባ ይዘዋቸው ሄዱ። ያገኙት ሦስት የቆሙ ግድግዳዎች ነው። በሮቹ የሉም፣ መስኮቶቹ የሉም። የወሰዳቸው ባለ ጀልባ፣ ኸሊፋ ሳይሆን ሌላ ሰው፣ ለጨዋታ ያህል፣ በሮቹ ዘበኛው ቤት አሉ አለ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሀብተሚካኤል ቅርስ በማፍረስና በመውሰድ ተጠርጥረው ታሰሩ።

መርማሪው ወጣትና ጨዋ ሰው ነበር። የተነጋገሩትን በኋላ ከመዝገቡ ላይ አንብቤዋለሁ።

«በሮቹን ወስደዋል?»

«ወስጃለሁ። ዘጠኙንም።»

«መስኮቶቹንስ?»

«አሥራ አንድ ናቸው። የጣሪያውን ሸክላ ግን መጨረስ አልቻልኩም።»

«የመንግሥት ንብረት መሆኑን አያውቁም?»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ምልክት ያደረግኩባቸው።»

«የጣልያን ቤት ነው። ለእርስዎ ምንዎ ነው?»

እዚህ ላይ የአያታቸውን ነገር ተናገሩ። ለቤቱ የሚሆነው ዝግባ የተቆረጠው ከላይ ከደጋው ነው። ጣልያኖቹ ሰዉን አስገድደው በትከሻ አወረዱት። አያታቸውና የአያታቸው ታናሽ ወንድም አንድ ግንድ ይዘው ሲወርዱ ወንድምየው ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተተና ግንዱ ተጫነው፤ እዚያው መንገድ ዳር ተቀበረ። አያታቸው በማግስቱ ያንኑ ግንድ ከሌላ ሰው ጋር ተሸክመው ወረዱ። ይህን ታሪክ ለልጅ ልጆቻቸው ሲነግሩ የሚጨርሱት ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነበር፤ «እንጨቱ ጥሩ እንጨት ነው» ይላሉ።

«ቤቱ የእነሱ ይሁን» አሉ ጋሼ ሀብተሚካኤል። «እንጨቱ ግን የኛ ነው።»

መርማሪው «ተጠርጣሪው እንጨቱ የኛ ነው ብለዋል» ብሎ ጻፈ። ይህም አልጠቀማቸውም።

መታሰራቸውን የሰማሁት አርብ ጠዋት ነው። ሰባት ደብዳቤ በእጄ እንደተቀበልኩ አስታውሳለሁ። የሬዚዴንሳውን ፋይል አውጥቼ ከፈትኩት፤ አንድም የለም። ገና ፋይሉን እንደያዝኩ ኃላፊው በራፌ ላይ ቆሙ።

«ፀደይ፣ በዚህ ፋይል ውስጥ ከዘበኛው የተጻፈ ነገር አለ እንዴ?»

«የለም» አልኩ። እውነት ነበር።

«ጥሩ» ብለው ሄዱ። ፖሊስ ማስረጃ ሲጠይቅ የሚላከው ይኸው ፋይል ነው።

ደብዳቤዎቹን ያገኘኋቸው ከምሳ በፊት ነው፤ ሰባቱም በተርታ፣ ሐይቆችና ደሴቶች ውስጥ፣ በየጫፋቸው የአለቆቼ ቀይ ጽሑፍ አለባቸው። ምሳ አልበላሁም። ካወጣኋቸው ጥፋቱ መጀመሪያ የኔ ነው፣ ቀጥሎ የአለቆቼ ነው፤ ካላወጣኋቸው ግን የጋሼ ሀብተሚካኤል ይሆናል። ጀግና ሴት አይደለሁም፤ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ከዚያ ሥራ ሌላ ሥራ አላውቅም። ስምንት ሰዓት ላይ ፋይሉን በነጠላዬ ሸፍኜ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው አንድ በአንድ አነበባቸው። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«አዞው ምን ሆነ?»

«ሄደ» አልኩት።

ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ ዕቃው መሟላቱ ይጣራ ተባለ። ሰኞ ዕለት ሃና የምትባል የቅርስ ባለሙያ ተላከች፤ ከኛ ጽሕፈት ቤት አይደለችም። የጋሼ ሀብተሚካኤልን ቤት እኔ አሳየኋት። ወይዘሮ የሺመቤት መኝታ ቤቱን ከፈቱልን። በሮቹ በጠርዛቸው ቆመው፣ በመሐላቸው ገለባ ተደርጎ፣ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድረዋል። ለሰው መቆሚያ አልነበረም።

«እማማ፣ መዝገብ አላችሁ?» አለች ሃና።

«ክሩ ነው መዝገቡ።»

ሃና አንድ መስኮት መርጣ ቢጫውን ክር ቆጠረች። ሰባት ቋጠሮ አለው። «ይሄ የየት ነው?»

«ከመኝታ ክፍሉ፣ ወደ ሐይቁ የሚያየው። ታችኛው ማጠፊያው ከሌሎቹ ያጥራል፤ ቀድሞም እንዲያ ነበር።»

ሃና ለካችው። ያጥራል። ከዚያ ቴፕ ሜትሯን ይዛ ከኸሊፋ ጋር ወደ ደሴቱ ሄደች፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ ለክታ ስትመለስ ጫማዋ ጠፍቶ ነበር። ልኩ ገጥሟል። በሪፖርቷ ላይ፣ ከወረዳው ቅርሶች መካከል በሥርዓት ተመዝግቦ ያገኘችው ይህ ብቻ መሆኑን ጻፈች።

ማክሰኞ መዝገቡ ተዘጋ። ጋሼ ሀብተሚካኤል ሲፈቱ ጣቢያው በር ላይ ጠበቅኳቸው። ስለ ፋይሉ፣ ደብዳቤዎቹን የት እንዳሰርኳቸው ነገርኳቸው፤ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ረጋ ብለው አዳመጡኝ።

«ደሴት ሆኗል ብዬ የጻፍኩት እኔው ነኝ» አሉ። «አንቺ ምን ታደርጊ ልጄ።»

ይህን ከሚሉኝ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኃላፊው ጠርተው ደብዳቤዎቹ የት እንደነበሩ ጠየቁኝ። «ደሴት ውስጥ» አልኳቸው። ሌላ አልጠየቁም። በዚያው ሳምንት ለጋሼ ሀብተሚካኤል ሁለት ደብዳቤ ወጣ፤ አንዱ ቅርስ ስላዳኑ ምስጋና፣ ሌላው ቅርስ ያለ ፈቃድ ስላንቀሳቀሱ ማስጠንቀቂያ። ቁጥራቸው ተከታታይ ነው፤ ሁለቱንም እኔ ነኝ ማኅተም የመታሁባቸው። እሳቸው ሁለቱንም በዝግታ አንብበው፣ አንድ ላይ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

በሮቹ ወደ ከተማ መጋዘን ተወሰዱ። ጋሼ ሀብተሚካኤል ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የመጋዘኑ ዘበኛ ሆኑ። ሃና ግን ነገሩን አልተወችውም። ለሦስት ዓመት ያህል በየስብሰባው እያነሣች፣ ከተማው ውስጥ ለሚሠራው አዲስ ቤተ መጻሕፍት የሬዚዴንሳው በርና መስኮት እንዲገባለት አስወሰነች። ባለፈው ታኅሣሥ ተመረቀ። የተጋባዦቹ ስም ዝርዝር ከሠራተኛ መዝገብ የተወሰደ ስለነበር ጡረተኛ አልተካተተም። እኔ ደወልኩላቸው። ከወይዘሮ የሺመቤትና ከኸሊፋ ጋር መጥተው የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ።

ንግግር ተደረገ። አንዱ ተናጋሪ ቤቱ የባዕድ አገዛዝ ምልክት ነው አለ፤ ሌላው ውብ የሥነ ሕንጻ ጥበብ ነው አለ። ሪባን ተቆረጠ፣ ሰው ተነሥቶ ገባ። ጋሼ ሀብተሚካኤል አልገቡም። በሩ አጠገብ ቆመው ክንፎቹን በመዳፋቸው ሲዳስሱ አየኋቸውና ሄድኩ።

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«ግራና ቀኙ ተለዋውጧል።»

አናጢው ተጠራ። በሩ በትክክል ይከፈታል፣ በትክክል ይዘጋል፣ ምን ልዩነት አለው ብሎ ተከራከረ። እሳቸው አልተቆጡም። ለሰማንያ ዓመት ዝናብ የመታው ፊት ወደ ውስጥ፣ ያልመታው ወደ ውጪ መዞሩን አሳዩት፤ እንዲህ ከቆየ ይጠመዘዛል አሉ። አናጢው እንጨቱን በጥፍሩ ጫረው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ሄዶ መሣሪያውን አመጣ።

እንግዶቹ በጎን በር እንዲወጡ ተደረገ። ወይዘሮ የሺመቤት ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ፤ ኸሊፋም አንደኛውን ክንፍ ደግፎ ያዘ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሩ ተገልብጦ ተተክሎ አለቀ። ጋሼ ሀብተሚካኤል አንድ ጊዜ ከፈቱት፣ አንድ ጊዜ ዘጉት። ለአናጢው እግዚአብሔር ይስጥህ ብለው የመጨረሻው ባጃጅ ሳያመልጣቸው ተነሡ።